ስምንት ሜትር ግሪሳ

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቅጽ አትሙሉ። ይህን የምለው አዋቂ ነኝ ለማለት አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ከላይ ጠሽ ጠሽ ሲል፣ ላብ ከግንባር ተነስቶ በአፍንጫ በኩል ስልክ ላይ ሲንጠባጠብ፣ የሰው ጭንቅላት የሚሠራው በግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ያስባል። እኔ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ግማሽ ጭንቅላት ነው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቅጽ የሞላሁት።

የሥዕል መምህር ነኝ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ የሥዕል መምህር ማለት የሒሳብ መምህሩ ሲቀር ክፍሉን ዝም የሚያሰኝ፣ በዓል ሲደርስ ጨርቅ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚጽፍ፣ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ቀለሙ ሲረግፍ «አንተ እኮ ባለሙያ ነህ» ተብሎ ብሩሽ የሚሰጠው ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራዬን ቆሞ ያየልኝ ሰው ቢኖር አንድ የከብት ነጋዴ ነው፤ እሱም ሊሸጠው ያመጣውን በሬ ግድግዳ ላይ ከሳልኩት በሬ ጋር እያስተያየ ነበር። የእሱ እንደሚሻል ነግሮኝ ሄደ።

ታዲያ ከዳገቱ በላይ፣ ደጋው ላይ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ሊከፍት ሆነ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ብተወው ይሻላል፤ ስለ በሩ ስነግራችሁ ለምን እንደተውኩት ይገባችኋል። ማስታወቂያው «ግዙፍ ኢንስታሌሽን መሥራት የሚችሉ ሠዓሊያን ያመልክቱ» ይላል። ኢንስታሌሽን የሚባለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ሥዕል አይደለም፤ ተመልካቹ የሚዞረው፣ ከሥሩ የሚሾልከው፣ አንጋጦ የሚያየው፣ አዳራሽ የሚሞላ ነገር ነው።

ቅጹ የሥራውን ርእስ ጠየቀኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሽቦ የሠራኋት፣ ጭብጥ የምታህል ግሪሳ ተቀምጣ ነበርና «ግሪሳ» ብዬ ጻፍኩ። ግሪሳን የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። መንቁሯ ቀይ የሆነ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ወፍ ናት። ማሽላው ወተት ሲይዝ እንደ ደመና ትመጣና ማሳው ላይ ታርፋለች፤ ስትነሳ የሚቀረው አገዳው ነው። በእኛ አገር የስሟ መጥፎነት ከእባብ አያንስም።

ቀጥሎ ቅጹ መጠኑን ጠየቀኝ። እውነቱን ልጻፍ ብዬ አስቤ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ነገር ግን «ግዙፍ» ከሚል ቃል ሥር አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብሎ መጻፍ ሠርግ ቤት በፒጃማ ከመግባት አይለይም። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ነው። «ክንፉ ተዘርግቶ ስምንት ሜትር» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምክንያት የለውም። አሥራ አንድ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ላኩትና ተኛሁ።

ከወር በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ስምንት ሜትር!» አለች አንዲት ሴት። የጋለሪው ኃላፊ ዶክተር ራሔል ናት። «ኮሚቴው ሲያነበው ዝም ነው ያለው። ሌሎቹ ሁሉ ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር ነው የሚሉት። የእርስዎን ድፍረት ወደድነው!»

«እኔም ወድጄዋለሁ» አልኩ፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ከምንድን ነው የሚሠሩት?»

በመስኮት አየሁ። ጎረቤቴ ሰሌን ላይ ማሾ አስጥታለች። አጥሯ ላይ ደግሞ ቀይ የሽንኩርት መረብ ከረጢት ተንጠልጥሏል።

«ከሰሌን» አልኩ። «ከሽንኩርት ከረጢትም።»

«ግሩም ነው! የአካባቢው ሕይወት በሙሉ አለበት!» አለች። ከዚያ የአዳራሹ ጣሪያ ከፍታ ስንት እንደሆነ፣ ሥራው በሁለት ወር ተጠናቆ እንዲደርስ፣ የቁሳቁሱንና የመኪናውን ወጪ ጋለሪው እንደሚችል ነግራኝ ዘጋች።

ለባለቤቴ ስነግራት ሜትሩን ከመሳቢያ አወጣችና ቤታችንን ለካች። ስድስት ሜትር ተኩል።

«እንግዲህ» አለች ሜትሩን እየጠቀለለች፣ «ወፏ ትግባና እኛ እንውጣ።»

ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ግቢ ከለከለኝ፤ ፈተና ደርሷል፣ ተማሪው ወፍ ሲያይ ይውላል አለ። ወሬው ግን ማንም ሳይከለክለው ከተማውን አዳረሰ። ባጃጅ ነጂዎች ባለፍኩ ቁጥር «መምህር፣ በረረች?» ይሉኛል። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ «ለወፉ ነው ለሰው?» ብላ ትጠይቀኛለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላገኘሁትን ዝና በአንድ ሳምንት አገኘሁት፤ ዓይነቱ ግን የተመኘሁት አልነበረም።

ባዶና ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ስፈልግ ጋሼ ጥላሁን ትዝ አሉኝ። ጋሼ ጥላሁን ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ማሽላቸው ተወቅቶ ስላለቀ አውድማቸው ባዶ ነው። አርባ ዓመት ማማ ላይ ቆመው ወፍ ጠብቀዋል። ማማ ማሽላው መካከል በአራት ባላ ላይ የሚሠራ ቆጥ ነው፤ ጠባቂው እዚያ ላይ ቆሞ እየጮኸ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ወንጭፍ እየወነጨፈ ወፍ ያባርራል። ከዚህ የተነሣ የጋሼ ጥላሁን ድምፅ እዚያው ማማው ላይ ቀርቷል። ደህና አደራችሁ ሲሉ ሦስት ማሳ ይሻገራል። ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ሲሉ የተኛ ሕፃን ሁሉ ይነቃል።

«ወፍ ልሠራ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ወፍ? ገባኝ ገባኝ!» አሉ፤ ጆሮዬ ጮኸ። «እርግብ ነው። የሰላም ነው። አበጀህ! ይቺ አገር ሰላም ነው የቸገራት። አውድማው ያንተ ነው!»

እዚህ ላይ «አይ፣ ግሪሳ ነው» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ግን ሰውየው እንዲያ ደስ ብሏቸው ትከሻዬን ሲመቱኝ ቃሉ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሴ ደግሞ በቀላሉ የሚያምን ሰው ነው።

አሁን የቀረው ሰሌኑን የሚሠራልኝ ሰው ነው። በገበያው «ከእትዬ ዘይነባ ወዲያ ሰሌን ታቺ የለም» አሉኝ። እትዬ ዘይነባ ከአርጎባ መንደር ተድረው የመጡ ሴት ናቸው፤ ዘንባባውን ሲታቱ የሚቆጥሩት በእናታቸው ቋንቋ ነው፤ ሒሳብ ሲሳሳቱ ግን የሚቆጡት በአማርኛ ነው። የወፉን ሥዕል ዘርግቼ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ሰው የሚቀመጥበት ነው?»

«አይደለም እትዬ።»

«የሚተኛበት?»

«አይደለም።»

«እህል የሚሰጣበት?»

«ሰው ቆሞ የሚያየው ነው።»

«ወላሂ፣ አርባ ዓመት ሰሌን ታትቻለሁ» አሉ። «ሰው ሁሉ ይረግጠዋል እንጂ ቀና ብሎ ያየው የለም። ኢንሻአላህ እሠራልሃለሁ።»

ሥራው ተጀመረ። እኔ ከባሕር ዛፍ ማገርና ከሽቦ አጥንቱን አቆምኩ፤ እትዬ ዘይነባ ከሥር ተነስተው ቆዳውን መታታት ያዙ። የእሳቸው እጅ እንደ ስፌት መኪና ነው፤ የእኔ እጅ ግን በየሰዓቱ በሽቦ ይቀደዳል። ጋሼ ጥላሁን በየጧቱ መጥተው «እርግቧ እንዴት አደረች?» ይላሉ። ውሃ ያመጣሉ። ጥላ ይሠሩልናል። የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ እየጠሩ «የሰላም ነው! ና እይ!» ይላሉ። ደግ በሆኑልኝ ቁጥር እኔ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር እያጠርኩ ሄድኩ።

አንድ ወር ተኩል እንዲህ ሄደ። ከዚያ መንቁሩ ደረሰ። መንቁሩ ቀይ መሆን አለበት። ቀዩን የሽንኩርት ከረጢት በሽቦው ላይ ወጥሬ መሰላሉ ላይ ቆሜ ስሰፋ፣ ጋሼ ጥላሁን ጀሪካን ውሃ ተሸክመው መጡ። ቆሙ። አንጋጠው አዩ። ጀሪካኑ ከእጃቸው ወደቀ።

«እርግብ መንቁሯ ቀይ ነው?»

መስፋቴን ቀጠልኩ።

«መምህር። አንተን ነው የምጠይቅህ። ይሄ ምን ወፍ ነው?»

«ግሪሳ ነው ጋሼ» አልኩ፤ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

«ግሪሳ!» አሉ። ይህን ጩኸት ጎረቤት ከተማችን ጀውሃ ድረስ ሰምተውት ቢሆን አይገርመኝም። «በእኔ አውድማ! ለግሪሳ ሐውልት! እኔ ውሃ እያቀረብኩ! እኔ ጥላ እየሠራሁ! ያገር ሰው እየጠራሁ!» ድንጋይ አነሱ። እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ፤ መውረድም አልችልም። እትዬ ዘይነባ ብድግ ብለው በወፉና በሰውየው መካከል ቆሙ።

«ጥላሁን፣ የታታሁት እኔ ነኝ። ከወረወርክ በእኔ በኩል ወርውር።»

ድንጋዩን ጣሉት። አልተቆጡም አሁን፤ ከዚያ የባሰው መጣ፤ ዝግ ብለው ተናገሩ። ጋሼ ጥላሁንን ዝግ ብለው ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አንድ ዓመት» አሉ፣ «ወባ ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። ሦስት ቀን ብቻ። ማማው ላይ ሰው የለም። በአራተኛው ቀን እየተንገዳገድኩ ስወጣ ማሳው ቀለሙ ሌላ ነው። አንድ ዛላ አልተወልኝም። የዚያን ዓመት ልጆቼን ወደ ዘመድ በተንኳቸው።» ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

በማግስቱ ሥራውን ልተው ወስኜ ዕቃዬን ልሰበስብ ሄድኩ። ጋሼ ጥላሁን ከእኔ ቀድመው አውድማው ላይ ቆመዋል፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ወፉን ይዞሩታል።

«ይቅርታ ጋሼ» አልኩ። «ዛሬ አፈርሰዋለሁ።»

«አንገቱ» አሉ።

«ምን?»

«አንገቱ ልክ አይደለም። ግሪሳ አንገቱ እንዲህ አይረዝምም፤ ይሄ የዳክዬ ነው። አርባ ዓመት ፊት ለፊት ያየሁትን ወፍ አንተ በወር ተኩል ታበላሽብኛለህ? ደሞ ዓይኑ! ግሪሳ ዓይኑ ሌባ ነው፤ የአንተ ወፍ ቆራቢ ይመስላል። ከሠራኸው አይቀር በትክክል ሥራው፤ ደጋ ያለው ሰው ምን እንደሚያጠፋን ይየው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዬ ሆኑ። አንገቱን ሦስት ጊዜ አስፈረሱኝ። ዓይኑን ስሠራ አጠገቤ ቆመው «ሰረቅ! ሰረቅ አድርግለት!» እያሉ ይጮኻሉ። ሌባ ዓይን እስኪወጣ ድረስ አራት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ወፉ ሲያልቅ በእውነት የሚያስፈራ ነበር፤ የጋሼ ጥላሁን በሬ ራሱ በዚያ በኩል አላልፍም ብሎ በወንዙ ዞረ።

በረቡዕ ጧት ሽንኩርት የሚያመላልስ አይሱዙ ላይ ጫንነው። መክፈቻው ቅዳሜ ነው። ክንፎቹን ወደ ኋላ ሰብስበን በገመድ አሰርን። እትዬ ዘይነባና እኔ ከሾፌሩ ጋር፣ ጋሼ ጥላሁን ከኋላ ከወፉ ጋር ሆነን ዳገቱን ተያያዝነው። ኬላው ላይ ያለው ሰው ገመዱን ሳይለቅ አይሱዙውን ዞረ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ግሪሳ ነው!» አሉ ጋሼ ጥላሁን ከላይ።

«ስንት ነው?»

«አንድ!»

ሰውየው ሌላ ጥያቄ ፈልጎ አጣ። ገመዱን ለቀቀልን።

ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ አይሱዙውን ከበቡት። አንዷ «ዶሮ ነው?» ስትል ሌላዋ «ዶሮ ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የሚያፈጠው?» ትላለች። ጋሼ ጥላሁን ከላይ ሆነው ስለ ግሪሳ ማስተማር ጀመሩ። ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ አስቆማቸው፤ ድምፁ ግን ከእሳቸው አይበልጥም ነበር።

መንገዱ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍበት ዋሻ በር ላይ ሾፌሩ ቆመ። ወረደ። ወፉን አየ፣ የዋሻውን ጣሪያ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጭንቅላቱ አያልፍም» አለ።

እኔ በሐሳቤ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመልሼ ከባጃጅ ነጂዎቹ መካከል ቆምኩ። ጋሼ ጥላሁን ግን የወፉ ጀርባ ላይ ወጥተው የግሪሳውን አንገት በሁለት እጃቸው አቀፉና በደረታቸው ተኝተውበት ወደ ታች ተጫኑት። «ንዳው!» አሉ። እንዲያ ሆነው፣ አርባ ዓመት ያሳደዱትን ወፍ አንገት አቅፈው፣ ጉንጫቸውን ከጉንጩ አጣብቀው ዋሻውን አለፉ። ከወዲያ ስንወጣ ፊታቸው በአቧራና በጭስ ጠቁሯል። እትዬ ዘይነባ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ጥላሁን፣ ታረቃችሁ?» አሏቸው። «እንዳይወድቅ ነው እንጂ!» አሉ እየተቆጡ።

ዩኒቨርሲቲው ደረስን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ዶክተር ራሔል እየሮጠች ወጣች፤ ወጣት ሴት ናት፣ መነጽር አድርጋለች። ወፉን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። በሕይወቴ ሥራዬን እንዲያ ያየልኝ ሰው አልነበረም። ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ዞር ብዬ ጋለሪውን አየሁ፤ ደረቴ ተነፈሰ።

ጣሪያው እንደነገረችኝ ረጅም ነው። መስኮቶቹም ሰፋፊ ናቸው፤ ግን በብረት ፍርግርግ ተሸፍነዋል። በሩ ግን የአንድ ተራ ቢሮ በር ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከገባበት አንዱ ትከሻውን ማጥበብ አለበት።

«በሩ ይሄ ብቻ ነው?» አልኩ።

«ይሄ ብቻ ነው» አለች ዶክተር ራሔል። «ወፉ አይፈታታም?»

ወደ እትዬ ዘይነባ አየሁ። እትዬ ዘይነባ ወደ ሰማይ አዩ። የወፉን ደረት አንድ ወጥ አድርገው፣ ያለ አንድ መገጣጠሚያ ነው የታቱት። የሚኮሩበትም በዚህ ነበር።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን በሐሳቤ ጀመርኩ፤ «ጉዳዩ» የሚለው ላይ ደርሼ ነበር። ዶክተር ራሔል አጠገቤ ስትቀመጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስምንት ሜትር ከየት እንደመጣ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔም» አለች መነጽሯን አውልቃ፣ «ጣሪያውን ስነግርዎት በሩን ሳልነግርዎት የቀረሁት ረስቼ አይደለም። ብነግርዎት ይተዉታል ብዬ ፈርቼ ነው። ከመጡ አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር።»

ሁለት ውሸታሞች ተያየን።

ከኋላችን የጋሼ ጥላሁን ድምፅ ግቢውን ሞላው። «መምህር! አንተ ግሪሳ ብቻውን ሲመጣ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው አንድ ብቻ የሠራኸው? አንድ ግሪሳ ማንን አስፈርቶ ያውቃል? ኬላው ላይ እንኳ ‹አንድ› ስለው ለቀቀን! እኔን ያጠፋኝ ብዛቱ ነው!»

እትዬ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ ከአይሱዙው ጎን ተነሱ። ወደ ወፉ ሄዱ። የደረቱን ሰሌን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከጉያቸው የዘንባባ መሰንጠቂያ ቢላቸውን አወጡ።

«እትዬ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«የታታሁት እኔ፣ የምፈታውም እኔ» አሉ። «ቢስሚላህ!» ብለው ቢላውን ከአንገቱ ሥር አስገቡ። ዶክተር ራሔል ፊቷን ሸፈነች። እኔ አልሸፈንኩም፤ እትዬ ዘይነባ ሲያለቅሱ ያየሁትም በዚህ ምክንያት ነው። እያለቀሱ ግን እጃቸው አልቆመም። ሰሌኑ እየተተረተረ ዘንባባው በእቅፍ በእቅፍ ወረደ። ከዚያ አንድ ሰበዝ ያዙ፤ አጠፉት፣ መለሱት፣ አሾለኩት፤ ጅራትና ሁለት ክንፍ ያላት፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ወፍ ሆነች።

ጋሼ ጥላሁን አንስተው አዩዋት። «አንገቷ ደህና ነው» አሉ። ይህ ከእሳቸው ትልቅ ምስጋና ነው። እሳቸውም ሰበዝ አንስተው ተቀመጡ፤ ለሆሳዕና ቀለበትና መስቀል እያጠፉ ያደጉ ሰው ስለሆኑ ጣታቸው ቶሎ ለመደው። እኔ መንቁር ቆራጭ ሆንኩ፤ ቀዩን ከረጢት በቁራጭ በቁራጭ እየቆረጥኩ መንቁር እሰካለሁ። ከሰዓት ላይ ከክፍል የሚወጡ ተማሪዎች ቆመው ያዩን ጀመር፤ ቆመው ያዩት ተቀመጡ። የነርስ ተማሪዎቹ ከሁሉም በለጡ፤ ቁስል መስፋት ስለሚማሩ ቋጠሮአቸው አይፈታም። እትዬ ዘይነባ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ «ማሻአላህ፣ አንቺ ልጅ ትዳር ይዘሻል?» እያሉ ይመርቃሉ፤ የተበላሸውን እየፈቱ ይመልሳሉ።

ሐሙስና አርብ እንዲህ አለፉ። ጋሼ ጥላሁን የባሕር ዛፉን አጥንት አንድ በአንድ በዚያች በር አስገብተው በአዳራሹ መካከል እውነተኛ ማማ ሠሩ። ወለሉ እንዳይጫር ዶክተር ራሔል ከባላዎቹ ሥር ካልሲ አስጠለቀች፤ ካልሲ ያደረገ ማማ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ወፎቹን በዓሣ ማጥመጃ ክር ከጣሪያው ላይ አወረድናቸው። ቁጥራቸውን አትጠይቁኝ፤ እትዬ ዘይነባ በእናታቸው ቋንቋ ሲቆጥሩ ነበር፣ ከመካከል ጠፋባቸውና ተዉት። ጣሪያው አይታይም። አንድ ጥቅጥቅ ያለ ደመና ከግድግዳው ተነስቶ፣ በማማው ላይ ዞሮ፣ ወደ ወለሉ ያዘነብላል። ስምንት ሜትር አይደለም። ሃያ ምናምን ሜትር ሆኗል።

ቅዳሜ አዳራሹ በሰው ሞላ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ረጅም ንግግር ይዘው መጡ። ጋሼ ጥላሁን ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጅራፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ማማው ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ። ዶክተር ራሔል «ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ብለው ብቻ ይቀመጡ» ብላ ለመነቻቸው። ቃል ገቡላት።

ንግግሩ ቀጠለ። ቀጠለ። ፕሬዚዳንቱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ሰው ሙቀት ስለበዛበት አንዱ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተው። የደጋው ንፋስ ገባ። ያ ሁሉ ወፍ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ዘንባባ ከዘንባባ ሲፋተግ የወጣው ድምፅ፣ እመኑኝ፣ ግሪሳ ማሽላ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ጀርባዬ ላይ ያለ ፀጉር ሁሉ ቆመ።

ማማው ላይ አየሁ። ጋሼ ጥላሁን ብድግ ብለዋል። ጋቢያቸው ወድቋል። ዓይናቸው አዳራሹ ውስጥ የለም።

«ሃዬዬዬዬ! ሃይ! ሃይ! ውረድ ከማሽላዬ!»

ጅራፉ ጧ አለ። የፕሬዚዳንቱ ወረቀት በአየር ላይ ተበተነ። ሁለት ሰዎች ወንበር ሥር ገቡ። ዶክተር ራሔል እንደ ድንጋይ ደረቀች። እኔ የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፍቶኝ የማባዛት ሰንጠረዥ ማለት ጀመርኩ።

ንፋሱ ቆመ። ወፎቹ ጸጥ አሉ። የጋሼ ጥላሁን ዓይን ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ሰው ሁሉ እያያቸው ነው።

«ይቅርታ» አሉ። «ልምድ ነው። አርባ ዓመት ስጮህ ኖሬ የሰማኝ ወፍ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ ያጨበጨቡት አንዲት አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ከበሩ ጥግ መጥረጊያቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመው ነበር። እሳቸውም የማሽላ አገር ሰው ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ያለቅሳሉ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ዘይነባ ጆሮዬ ሥር «አየሃቸው?» አሉኝ። «ሁሉም አንጋጠው ነው የሚያዩት።» አየሁ፤ አንድም ሰው ወደ ታች የሚያይ አልነበረም።

ንግግሩ በዚያው ቀረ። ፕሬዚዳንቱ ወረቀታቸውን አልለቀሙም። ቀጥ ብለው ወደ ማማው ሥር መጡ። ተቆጥተው መሰለኝና በመካከል ልገባ ስል፣

«ጋሼ» አሉ ወደ ላይ እያዩ፣ «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ልውጣ?»

ወጡ። ጅራፉን ተቀበሉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ሃይ» አሉ፤ ስብሰባ የሚከፍቱ ይመስል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሼ ጥላሁን። «በዚህ ድምፅ ድንቢጥ እንኳ አትነሳም! ከሆድዎ ነው ጌታዬ! ከሆድዎ!»

ፕሬዚዳንቱ ኮታቸውን አወለቁ። ወደ ታች ሲያዩ ከሥራቸው የቆምኩት እኔ ነኝና አቀበሉኝ። ከዚያ እግራቸውን ከፍተው ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኹ። ከኋላቸው ተማሪው፣ መምህሩ፣ እንግዳው ሁሉ አብሮ ጮኸ። ወፎቹ በሰው እስትንፋስ ተነሱ። ጋሼ ጥላሁን እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ እኔ ኮቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከዚያ ደመና ሥር፣ ከሁሉም በላይ እየጮህኩ ነበር።